የቁም ሳጥን በርና የመሠረት ቀለበት

ይህን የምጽፍላችሁ እንድትስቁብኝም እንድታዝኑልኝም ብዬ አይደለም። አንድ ክረምት ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ስህተት ሠራሁ። ከዚያ እሱን ለማረም ስሮጥ የባሰ ሌላ ሠራሁ። ሁለተኛው ዛሬም ከአእምሮዬ አይወጣም።

ስሜ ሰናይት ነው። ቃሊቲ ውስጥ ከማረሚያ ቤቱ መግቢያ ፈንጠር ብላ የቆመች የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ ሶፍት፣ ብስኩት እሸጣለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን የሰው ዕቃ መጠበቅ ነው። ጠያቂ ስልኩን፣ ቀለበቱን፣ ሀብሉን፣ ጉትቻውን ይዞ ስለማይገባ እኛ ሱቆች ጋ አስቀምጦ ይገባና ሲወጣ ይረከባል። ስልክ አያስቸግርም፤ እያንዳንዱ የራሱን በሩቁ ያውቃል። አስቸጋሪው ጌጥ ነው። ደቃቃ ነው፣ ይጠላለፋል፣ ደግሞ የአንዱ ከሌላው ይመሳሰላል።

ሱቁን ከመክፈቴ በፊት አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ስወጣ ይዤ የወጣሁት አንድ ካርቶን ቁርጥራጭ ክርና ቀለም የሚለይ ዓይን ነው። ሌላው ሰው አረንጓዴ ብሎ የሚያልፈውን እኔ ሰባት ቦታ እከፍለዋለሁ።

ጎረቤቶቼ ለጠያቂ ቁጥር ይሰጣሉ። እኔም መጀመሪያ እሰጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት የሰጠኋቸውን ካርድ ገልብጠው አዩና «ወረፋው በቁጥር፣ መግባቱ በቁጥር፣ አንቺም ቁጥር ትሰጪኛለሽ ልጄ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ካርዶቹን በዚያው ቀን ጣልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ትንሽ ጥቁር ፌስታል ውስጥ እከትና አፉን በሴትየዋ የነጠላ ጥለት ቀለም ክር አስረዋለሁ። ነጠላ ካልለበሰች በሻርፗ ወይም በሹራቧ ቀለም። በዚያ ላይ እያንዳንዱን «ማን ጋ ነው የመጡት?» ብዬ እጠይቅና የባሏ፣ የወንድሟ፣ የልጃቸው እያልኩ እይዛለሁ። ይሄ መጠየቅ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ባለሱቆቹ «ሰናይት እኮ ኮምፒውተር ናት» ሲሉ እንዳልሰማ እሆናለሁ እንጂ ውስጤ ሙቅ ይል ነበር።

ቅዳሜው የፍልሰታ ጾም መካከል ላይ የዋለ ነበር። ጾም ሲሆን ጠያቂውም ይበዛል፣ ነጠላውም ይበዛል። ጠዋት አንዲት ቀጠን ያሉ እናት መጡ። ከዚያ በፊት እኔ ጋ ሁለት ሦስቴ ዕቃ አስቀምጠዋል።

«ማን ጋ ነው እማማ?» አልኳቸው እንደ ልማዴ።

ዙሪያቸውን አየት አድርገው «ልጄ ጋ» አሉ በዝግታ። የብር ጉትቻቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ከቱሉ ዲምቱ እስኪመጡ የታክሲ ሰልፉ እንዳሰለቻቸው፣ አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረዱም ጉልበታቸውን እንደጨረሰው ነገሩኝ። የነጠላቸው ጥለት ጫፉ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። ክሩን መረጥኩና ፌስታላቸውን አሰርኩ።

ትንሽ ቆይቶ መሠረት መጣች። መሠረት ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ባሏ ከታሰረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስቱንም ዓመት የጋብቻ ቀለበቷን እኔ ጋ እያስቀመጠች ነው የምትገባው። ሌላ ጊዜ በጃኬት ነበር የምትመጣው፤ ያን ቀን ነጠላ ለብሳለች። ጥለቱ ቅድም ያሰርኩት አረንጓዴ ነው። አንድ ሸማኔ በአንድ ቀን ያወረዳቸው ይመስላሉ። አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ግን «መሠረትን እንዴት እሳሳታለሁ?» ብዬ ያንኑ ክር አሰርኩላት።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ወረደ። ጠያቂው ሁሉ አንድ ላይ እየሮጠ ወጥቶ ሱቄ በር ላይ ተጨናነቀ። እጅ በእጅ ላይ ይዘረጋል። እማማ ከሰዎቹ መካከል ብቅ ሲሉ ጥለታቸውን አይቼ ፌስታሉን አቀበልኳቸው። ሳይከፍቱት ጉያቸው ውስጥ ከተቱና ታክሲ ፍለጋ ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

መሠረት ሰው እስኪቀንስ ጥግ ይዛ ጠበቀች። የቀረላትን ፌስታል ሰጠኋት። ፈታችው።

«ሰኒዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አለች እየሳቀች። የብር ጉትቻዎቹ መዳፏ ላይ ናቸው።

እኔ አልሳቅኩም። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ የሳሙናውን ካርቶን አወረድኩ፣ መሬቱን በእጄ ዳበስኩ። እሷ ፊቴን እያየች ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«የት አለ ቀለበቴ?»

«ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።

«ማክሰኞ እኮ ነው የሚወጣው።» ይህን ስትል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሰናይት፣ ማክሰኞ ጠዋት ይወጣል። እናቱ፣ እህቶቹ፣ ሁሉም በሩ ላይ ይቆማሉ። እናቱ ከዓመት በፊት ጀምሮ ቀለበቷን ሸጣ በልታለች እያሉ ያወራሉ። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ በገባሁ ቁጥር የሚያየው ባዶ ጣቴን ነው። ውጭ አስቀምጬው ነው እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል። እሺ ሲለኝ ግን ዓይኑ ሌላ ነው። ስትወጣ ጣቴ ላይ ታየዋለህ ብዬ ነበር።»

እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። በራሴ ተቆጣሁና ድምፄ ሁሉ ተለወጠ። «ሰኞ ከማለፉ በፊት ጣትሽ ላይ አደርገዋለሁ» አልኳት። በምን ተማምኜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። በእጄ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅና «ልጄ ጋ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የሴትየዋን ስም እንኳ አላውቅም።

እሑድ በጠዋት ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ። አስቤበት ነው የሄድኩት፤ ከቅዳሴ ሲወጡ ጥለታቸውን አይቼ እለያቸዋለሁ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አረንጓዴ ጥለት፣ ደግሞ አረንጓዴ፣ ያውም ያው ጫፉ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላው። አንዷን ተከትዬ ሄጄ ዘወር ስትል የሃያ ዓመት ልጅ ሆና አገኘኋት። በኋላ እንደሰማሁት፣ አንዲት ሴት በር ለበር እየዞረች በዱቤ የሸጠችው ነጠላ ነው፤ ግማሹ ሰፈር ለብሶታል። ያ የምኮራበት የፋብሪካ ዓይኔ እዚያ በር ላይ ምንም አልፈየደኝም።

ያኔ ነው ወደ መጠየቅ የገባሁት። ከብሎክ ብሎክ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አስቆምኩ፤ ጥበቃውን፣ ውኃ የሚቀዱትን፣ ልብስ የምታሰጣዋን ሴት። «አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ልጃቸው ቃሊቲ የታሰረባቸው እናት ታውቃላችሁ?» እላለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምጠይቀው፤ ቸኩያለሁ። ማንም አያውቅም። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ብሎክ ሥር ጉሊት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ደልደል ያለች ሴት አገኘሁ። ሙሉ ትባላለች። ሦስት አራት የሰፈር ሴቶች ከቧት እያወሩ ነው። እዚያም ያንኑ ጠየቅሁ።

«ልጃቸው የታሰረባቸው? እኛ ብሎክ እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለች ሙሉ።

ተስፋ መቁረጥ አልፈለግኩም። ፌስታሉን ፈትቼ ጉትቻዎቹን መዳፌ ላይ አሳየኋቸው። «የሳቸው ነው፤ ትናንት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲገቡ እኔ ጋ ያስቀመጡት።»

ሙሉ ጉትቻውን አየችና መዳፌን ልትከድን እጇን ሰደደች። ከሴቶቹ አንዷ ግን ቀደመቻት። «ይሄማ የእማማ ዘነበች አይደል? ግን የእማማ ልጅ ጅማ እርሻ ላይ ሥራ ይዟል ብለውን የለ?»

ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። «እኮ ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህን በዘንቢል ይዘው የሚወጡት።»

ሙሉ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» አለችኝና ቲማቲሟን መደርደር ቀጠለች። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ደረጃውን ስጀምር ነው። መመለስም አልቻልኩም፤ የተነገረ ነገር አይሰበሰብም። ለሠላሳ ሰው ነግሬ ይሆናል ያን ቀን።

እማማ ዘነበች በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «እግዜር ነው ያመጣሽ ልጄ» አሉ። ከራስጌያቸው መሀረብ አምጥተው ቋጠሮውን ፈቱ። የመሠረት ቀለበት ውስጡ ነው። «ማታ ጉትቻዬን ላደርግ ስፈታው ይህን አየሁ። የሰው ንብረት ቤቴ ይዤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ሱቅሽ ዝግ ነው ብዬ እንጂ፣ ነገ በጠዋቱ ታክሲ ላመጣልሽ ነበር።»

ሰኞ በጠዋት ሊያመጡልኝ ነበር። ሱቄ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ቀለበቱ በራሱ ጊዜ ከማክሰኞ በፊት ይመጣ ነበር።

ጉትቻቸውን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጆሯቸው ላይ እያደረጉ «እንዴት አገኘሽኝ ግን? ቤቴን ነግሬሽ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ሰው ጠይቄ ነው እማማ።»

እጃቸው ጆሯቸው ላይ ቆመ። «ምን ብለሽ ጠየቅሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ «ስምዎን» ብል ያልቃል። ግን ደረጃ ሲወርዱ ከታች የሚጠብቃቸውን አውቃለሁ። «ልጃቸው የታሰረባቸው እናት ብዬ ነው የጠየቅሁት» አልኩ።

እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ከሥር የሴቶቹ ድምፅ በመስኮት ይሰማል።

«ጅማ ነው ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዓመት ከስምንት ወር እንደዚያ ብያለሁ። የጽዋ ማኅበሬም ያንን ነው የሚያውቀው።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«በይ ሂጂ አሁን። ቀለበቱን ለባለቤቷ አድርሺላት፤ ስትጨነቅ ነው ያደረችው» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢያላጉት ኖሮ ያን ያህል አልተሰማኝም።

ቀለበቱን ይዤ ገላን ስደርስ መሠረት እንደ ልጅ ዘለለች። ጣቷ ላይ አጥልቃ፣ አውልቃ፣ እንደገና አጠለቀች። እኔ ሶፋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ። «ሁልጊዜ ማን ጋ ነው የመጡት እያልሽ ስትጠይቂ ጭንቅ ይለኛል። ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔም ሥራ ቦታ ባሌ ታስሯል ብዬ አላውቅም። አንድ ቀን የማስተምራቸው ልጆች ወላጅ ሱቅሽ በር ላይ ቆማ ብትሰማስ እያልኩ ነው የምመልስልሽ። ስንቱ የሚዋሽሽ ይመስልሻል? ባሏ ጋ የመጣችው አጎቴ ጋ ነው ትልሻለች፤ ልጇ ጋ የመጣችው ጎረቤቴ ጋ ነው ትልሻለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በጣም ደስ እያለሽ ነበር የምትጠይቂው።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲው ውስጥ አንድ ነገር ቆረጥኩ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ ማንም ሰው ማንነቱን አይናገርም። ቁጥርም አይሰጠውም፣ በልብሱም አይታሰርም፣ ስሙንም ዘመዱንም አይጠየቅም። ይህን የሚችል ነገር እስክሠራ ድረስ ሱቁ አይከፈትም። ደረቅ ነሽ ይሉኛል፤ ያን ቀን ደረቅነቴ ጠቀመኝ።

ሰኞ በጠዋት መሠረት ቤቴ መጣች። ቤት መቀመጥ አልቻለችም፤ ነገ ነገ እያለች ዕቃ ከምትሰብር አንቺን ላግዝ አለች። ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የቁም ሳጥን በር ነበረኝ፤ ማጠፊያው ተነቅሎ የቀረ። ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩና ለሱቁ ግድግዳ በሚሆን ልክ ቆረጥኩት። በድሮ መጋረጃ አለበስኩትና የጌጥ መስቀያ ሰሌዳ አደረግኩት።

ለሀብል የኩሽናዬን ሹካዎች አመጣሁ። እጀታቸውን በፒንሳ ወደ ላይ አጠፍኩና መንጠቆ አደረግኳቸው፤ በጥርሶቻቸው መካከል ሚስማር እያሳለፍኩ በሩ ላይ መታሁ።

«ፓስታ በምን ልትበዪ ነው?» አለች መሠረት።

«በእጄ።»

ለጉትቻ የዱቄት ወንፊት ነበረኝ፣ ክፈፉ የተሰነጠቀ። ሽቦውን አውጥቼ ጠርዙን በቀጭን እንጨት አሲዤ ቸነከርኩት፤ የጉትቻው መስቀያ በወንፊቱ ቀዳዳ ያልፋል፣ ጥንዱ አይለያይም። ለቀለበት ደግሞ ካርቶን የእንቁላል ትሪ ቆርጬ በኮላ ለጠፍኩ። ጥሩ መስሎ ነበር። ሰሌዳውን ቀና ስናደርገው ግን ትሪው ከነኮላው ተላቆ መሬት ላይ ተዘረገፈ። የነሐሴ እርጥበት አለስልሶታል። እንደገና ለጠፍኩ፤ እንደገና ወደቀ። መሠረት «ይቅር በቃ፣ ቀለበቱን መሳቢያ ውስጥ አድርጊው» አለችኝ። ተነሥቼ የዘይት ጄሪካኖቹን ክዳን ሁሉ ከጓዳ ሰበሰብኩ፣ ከግቢው ሰዎችም ለመንኩ። ክዳኖቹን ገልብጬ፣ ጠርዛቸው ወደ ፊት እንዲወጣ አድርጌ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል በምትል ጣውላ ላይ በአጭር ሚስማር መታኋቸው። ቀለበት ሲገባባቸው አይንሸራተትም። ከፊትም ይታያል።

የቀረው ምልክቱ ነው። የማን የት እንዳለ በምን ይታወቅ? እዚህ ላይ ብዙ ተቀመጥን። ክር እንዳልል ክር አበላሽቶኛል። ዓይኔ የፋብሪካ ጋዋኔ ላይ አረፈ፤ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ትልልቅ ሰማያዊ የልብስ ቁልፎች አሉት። መቀስ አምጥቼ ሁለቱን ቆረጥኩ። አንዱን ከመጀመሪያው ሹካ በላይ ሰፋሁት። ሌላውን ለመሠረት ሰጠኋት።

«ይህን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ስትወጪ ይህን ታሳዪኛለሽ። በቃ።»

ቁልፉን አገላብጣ አየችው። «ማን እንደሆንኩ አታውቂም።»

«አላውቅም።»

ሃያ አራት ቦታ ነበረን፤ ሃያ አራት ዓይነት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ጥንድ ያስፈልጋል። የሟች አባቴን ካፖርት፣ የድሮ ዩኒፎርሜን፣ የትራስ ልብስ ሁሉ ፈታሁ። ሃያ ሁለት ሞላን። የቀሩትን ሁለት ዓይነት፣ የደረቱንና የእጅጌውን፣ መሠረት ከቦርሳዋ ካወጣችው ጃኬት ላይ ልትቆርጥ ስትል ያዝኳት፤ ነገ ባሏ ሲወጣ እንዲለብሰው ያጠበችው ነው።

«ክፍት ሆኖ ይልበሰው፤ ብርድ አይገድለውም» አለችና ቆረጠችው። እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ሰሌዳው ላይ ግማሽ መጋረጃ ከሰቀልኩበት በኋላ፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ምን እንዳለበት አያይም። ሳይመሽ ሰሌዳው የሱቁ ግድግዳ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ባሏ ወጣ፤ ከስቷል። እናቱ ቀድመው አቀፉት፣ እህቶቹ ተጠመጠሙበት። መሠረት ከኋላ ቆማ ጠበቀች። ሲደርስባት ፊቷን አላየም፤ እጇን ነው ያነሣው። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ እጇን ሳይለቅ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱም አዩ። መሠረት ጃኬቱን አለበሰችው፤ ቁልፍ አልነበረውም፤ ማንም ልብ አላለው።

እኔ ግን ዓይኔ ከሰው መካከል እማማ ዘነበችን ይፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ አልመጡም። በሁለተኛውም አልመጡም። ቱሉ ዲምቱ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ደግሞ እኔን ሲያይ ሰፈሩ እንደገና ያወራል ብዬ ተውኩት። ልጃቸው በኔ የተነሳ ጠያቂ አጥቶ ቢሆንስ እያልኩ ሁለት ሳምንት ምግብ አልበላ አለኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም። ጉሊት የምትሸጠዋ ሙሉ ዘንቢሉን ይዛላቸዋለች። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። መጋረጃውን ገለጥኩ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ጉትቻቸውን አውልቀው በገዛ እጃቸው ወንፊቱ ላይ ሰቀሉ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

«እሷ ናት ያመጣችኝ» አሉ ወደ ሙሉ አየት አድርገው። «ያን ቀን ማታ ሹሮ ይዛ መጥታ፣ ቅዳሜ አብሬዎት እሄዳለሁ አለችኝ። ሁለት ሳምንት እንቢ አልኳት። ማኅበርተኞቹም በየተራ እንሄዳለን እያሉ ነው።»

ደስታዬን ሳልደብቅ ፊቴ ሁሉ ፈካ። እሳቸውም አዩት።

«እንግዲህ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «ግን ደግ ሆነ ብለሽ እንዳትጽናኚበት። ለሰፈሩ ራሴ የምነግርበት ቀን ነበረኝ። ልጄ ሲወጣ እጁን ይዤ፣ ይኸው ልጄ ቃሊቲ ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ ልናገር ነበር ያሰብኩት። ያንን ቀን ወሰድሽብኝ።»

«አዎ እማማ» አልኩ። ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ወደ በሩ ሄዱ፤ ሙሉ ከኋላ ከኋላቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት አንዳችሁ አንድ ቀን እዚያ መንገድ ላይ ቆማችሁ ቀለበታችሁን የት እንደምታስቀምጡ ትቸገሩ ይሆናል። ሱቄ አሁንም አለች። ሹካዎቹ ትንሽ ዝገዋል፣ ሁለት ክዳን ቀይሬያለሁ። ማን ጋ እንደመጣችሁ አልጠይቅም፤ ብትነግሩኝም ለሌላ አልናገርም። እኔ ያን ጊዜ ሰውን የማስታወስ ችሎታዬ ለሰው የማደርገው ትልቁ ስጦታ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ሰው ግን ከእናንተ የሚፈልገው እንድታስታውሱት አይደለም፤ ዕቃውን ተቀብላችሁ፣ ዞር ብላችሁ፣ ሲመለስ እንድትሰጡት ብቻ ነው። ስህተታችሁን ለማረም ስትሮጡ ደግሞ በማን በር በኩል እየሮጣችሁ እንደሆነ እዩ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ከሰሌዳው ላይ አንድም ዕቃ አልጠፋም። የሁሉንም መልሻለሁ። የእማማ ዘነበችን ቀን ግን መመለስ አልቻልኩም።